ኩላሊት የተተከለለት ሰው ኮሮና ሲደግመው ሰውነቱ ምን ያስታውሳል?

«አንዴ ይዞኝ ለቆኛል፤ ከእንግዲህ ምን ያመጣል?» ጎንደር ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ባጃጅ ውስጥ ይባላል፣ ቡና ላይ ይባላል፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይባላል። ለአብዛኛው ሰው ደግሞ ከእውነት የራቀ አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ ሲባል የነበረው ኮሮናና ዛሬ የሚይዘን ኮሮና ለብዙዎቻችን እኩል አይከብዱም። የዓለም ጤና ድርጅትም ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ስጋት መሆኑ አብቅቷል ብሏል። ቫይረሱ ግን የትም አልሄደም።

ነገሩ የሚከብደው ይህን የሚለው ሰው ኩላሊት ተተክሎለት በመድኃኒት የሚኖር ሲሆን ነው። ተቃራኒውን የሚያስቡ ቤተሰቦችም አሉ። «እሱ እኮ በሽታ የመከላከል አቅም የሚባል ነገር የለውም» ብለው ከሰርግ፣ ከማኅበር፣ ከቤተ ክርስቲያን አስቀርተው ቤት ዘግተው ያስቀምጡታል። እኔ ሁለቱም ትክክል ናቸው ብዬ አላስብም። ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ሰውነት ኮሮናን ያስታውሳል። ግን በከፊል ነው የሚያስታውሰው። ዋናው ጥያቄ የትኛው ክፍል ይቀራል፣ የትኛው ይጎድላል የሚለው ነው። መልሱ ታማሚው መቼ መከተብ እንዳለበት ሳይቀር ይወስናል።

ስለማን እንደምናወራ አስቀድሜ ልናገር። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ። የአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችም አብረው ሠርተዋል። ሲጀመር ኩላሊቱን የሚሰጠው በሕይወት ያለ የቅርብ ዘመድ ነበር። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ሕንድ ወይም ሌላ አገር ይሄድ ነበር፤ ዛሬም የሚሄድ አለ። ጎንደር ላይ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት አለ። ለንቅለ ተከላ ግን ወደ 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት ነው። ከዚያ ሰውየው ዳነ ተብሎ በእልልታ ይመለሳል። ሻንጣው ውስጥ ግን ኩላሊቱ እስካለ ድረስ የማያቋርጠው መድኃኒት አለ።

ያ መድኃኒት ለምን አስፈለገ? ነጭ የደም ሴሎች ባዕድ ነገር ሲያገኙ ማጥቃት ሥራቸው ነው። የእህት ኩላሊት ነው፣ የእናት ኩላሊት ነው ብለው አይራሩም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1954 ዶክተር ጆሴፍ መሪ ቦስተን ላይ የመጀመሪያውን የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲያደርጉ ለጋሹና ተቀባዩ ፍጹም የሚመሳሰሉ መንትዮች ነበሩ። የተሳካውም ለዚህ ነው፤ ሰውነቱ ልዩነቱን አላወቀም። እንዲህ ያለ መንትያ የሌለው ሰው ግን የሰውነቱን ጥቃት በመድኃኒት ማብረድ አለበት።

የተለመዱት መድኃኒቶች ሦስት ናቸው። አንዱ ታክሮሊመስ ነው። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች «ተነሱ» የሚለውን መልእክት እንዳያስተላልፉ ያደርጋል። ሁለተኛው ማይኮፊኖሌት ነው። ቲ ሴልም ሆነ ቢ ሴል የሚባለው ሌላው ነጭ የደም ሴል በፍጥነት እንዳይራባ ይይዘዋል። ሦስተኛው ፕሬድኒሶሎን ነው፤ እሱ ሁሉንም በጅምላ ያለዝባል። ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ ነው የሚዋጠው። ጠዋት ሁለት ሰዓት የዋጠ ማታም ሁለት ሰዓት ይውጣል። ለምርመራ የሚቀዳው ደምም የጠዋቱ ኪኒን ከመዋጡ በፊት ነው የሚወሰደው፤ አለበለዚያ ቁጥሩ ያሳስታል።

እነዚህ መድኃኒቶች ኩላሊቱን ያድናሉ። ችግሩ ኩላሊቱን የሚያጠቃውና ቫይረሱን የሚያጠቃው ሠራዊት አንድ መሆኑ ነው። በእነዚህ መድኃኒቶች አንዱን ብቻ ለይቶ ማስተኛት አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሰውነት አንድን ቫይረስ እንዴት ነው የሚማረው? ጎንደር ስለሆንን በአብነት ትምህርት ቤት ላስረዳ። የአብነት ተማሪ ቀለሙን አንዴ ሰምቶ አይዘውም። የኔታ ፊት ቀርቦ ይላል፣ ይሳሳታል፣ ይታረማል፣ ነገም ይመለሳል። ቢ ሴልም እንዲሁ ነው። ቫይረሱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሠራው አንቲቦዲ፣ ማለትም ቫይረሱን የሚይዘው ፕሮቲን፣ እንደነገሩ ነው፤ ይይዛል ግን ይላቀቃል። ከዚያ ቢ ሴሉ አንገትና ብብት ሥር ባሉት እጢዎች ውስጥ ለሳምንታት፣ ለወራትም እየተራባና እየተለዋወጠ ይቆያል። የተሻለ የሚይዘው ተመርጦ ያልፋል፣ ያልቻለው ይቀራል። መራጩና አራሚው ረዳት ቲ ሴል ነው። የኔታ እሱ ነው። ታክሮሊመስ የየኔታን ድምፅ ይዘጋል፤ ማይኮፊኖሌት ደግሞ የተማሪውን ቁጥር ይቀንሳል። ትምህርቱ ይጀመራል፣ ግን ሳይጠና ይበተናል።

ይህ በቁጥር የታየው ክትባቱ ሲመጣ ነው። የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 የኤምአርኤንኤ ክትባት የወሰዱ የንቅለ ተከላ ታማሚዎችን መረመሩ። ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ ከ436 ሰዎች አንቲቦዲ የተገኘባቸው 17 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ከሁለተኛው በኋላ ከ658 ሰዎች 54 በመቶ። ጤነኛ ሰው ሁለት ጊዜ ሲከተብ አንቲቦዲ የማይወጣለት የለም ማለት ይቻላል። ፈረንሳይ ውስጥ በተደረገ ሌላ ጥናት ሦስተኛ ክትባት ሲጨመር ቁጥሩ ከ40 ወደ 68 በመቶ ወጣ። ማይኮፊኖሌት የሚወስዱት ውጤታቸው ዝቅ ያለ ነበር። ንቅለ ተከላው ገና ዓመት ያልሞላቸውም እንዲሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ቁጥሮች የፋይዘርና የሞደርና ናቸው። እኛ አገር ክትባት የተጀመረው በ2013 ዓ.ም. በአስትራዜኔካ ነው። በኋላ ሲኖፋርም፣ ጆንሰንና ፋይዘርም መጡ። ስለዚህ የእዚያን አገር በመቶኛ ገልብጦ ጎንደር ላይ መለጠፍ አይሠራም። አቅጣጫው ግን ያው ነው። አንዴ ወይም ሁለቴ መከተብ ለሌላው ቢበቃ ለእነሱ አይበቃም።

በበሽታው መያዝስ? የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ኮሮና ይዟቸው ከተረፉት የንቅለ ተከላ ታማሚዎች አብዛኞቹ አንቲቦዲ ሠርተዋል። ቲ ሴላቸውም ሲለካ ከሌላው ሰው ብዙም ያልራቀ ሆኖ የተገኘባቸው ጥናቶች አሉ። ምክንያቱ ለመገመት አይከብድም። ቫይረሱ ከክትባት ይልቅ ሰውነት ውስጥ ቀናትና ሳምንታት ይቆያል፤ አንድ ፕሮቲን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ክፍሉን ያሳያል። ግን ዋጋው! ወረርሽኙ በጀመረ ሰሞን አሜሪካ ላይ ሆስፒታል ከገቡት የንቅለ ተከላ ታማሚዎች ከአምስቱ አንዱ በ28 ቀን ውስጥ ሞቷል። በዚህ መንገድ ተማሩ ብሎ የሚመክር ጤነኛ ሰው አይኖርም።

ያ የሞት ቁጥር የመድኃኒቱ ጥፋት ብቻ ነው ብዬ ግን አልጽፍም። ኩላሊት የተተከለለት ሰው በአብዛኛው ደም ግፊት አለበት፤ ብዙው ስኳርም አለበት። ኩላሊቱም እንደ ሁለት ጤነኛ ኩላሊት አይሠራም። ተመሳሳይ ሕመም ካለባቸው ሌሎች ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ የሞት ልዩነቱ የጠበበባቸው ጥናቶች አሉ። ስለዚህ «የመከላከል አቅሜ ወርዷል» ብሎ ስለ ኮሮና ብቻ የሚጨነቅ፣ ግፊቱን ግን የማይለካ ሰው ጭንቀቱን የተሳሳተ ቦታ ላይ አድርጎታል።

ሲደግም ምን ይሆናል?

ጤነኛ ሰው ኮሮና ሲደግመው ሦስት ነገር ይከሰታል። ቀድሞ በደምና በአፍንጫ ውስጥ የነበረው አንቲቦዲ ጥቂቱን ቫይረስ ወዲያው ይይዛል። በቀጣዮቹ ቀናት የሚያስታውሱት ቢ ሴሎች ነቅተው አዲስ አንቲቦዲ በገፍ ያመርታሉ። ቲ ሴሎች ደግሞ ቫይረሱ የገባበትን ሴል ፈልገው ያጠፋሉ። መጀመሪያ ሲይዘው ሁለት ሳምንት የፈጀው አሁን በጥቂት ቀናት ያልቃል።

ንቅለ ተከላ በተደረገለት ሰው ላይ የመጀመሪያው መስመር ደካማ ነው። አንቲቦዲው ከመነሻው ትንሽ ነበር፣ ቶሎም ይወርዳል። ከብዛቱ በላይ ደግሞ ጥበቡ ነው የሚጎዳው። በደንብ ያልታረመ አንቲቦዲ የሚያውቀው ያየውን ዝርያ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ኦሚክሮን ሲመጣ ቫይረሱ ሴል ላይ የሚጣበቅበት እስፓይክ የሚባለው ፕሮቲን ከ30 በላይ ለውጥ ነበረው። ጤነኛ ሰው እንኳ የቀድሞ አንቲቦዲው ብዙ አልጠቀመውም። ንቅለ ተከላ ያለው ሰው ላይማ የባሰ ነበር። ስለዚህ መያዝን መከላከል ላይ «አንዴ ይዞኛል» የሚለው ዋስትና ለእሱ በጣም ቀጭን ነው።

ሌላኛው መስመር፣ ቲ ሴሉ፣ ግን ሳይጠፋ ይቆያል። ቲ ሴል የሚያየው የቫይረሱን ቁርጥራጭ ነው። ዝርያው ሲለወጥ ከቁርጥራጮቹ አብዛኞቹ አይለወጡም። ለዚህ ነው በኦሚክሮን ጊዜም የቲ ሴል ምላሽ በብዛት ሳይነካ የቀረው። ሌላም ነገር አለ፤ ለእኔ የጉዳዩ ቁልፍ ይኸው ነው። እነዚህ መድኃኒቶች አዲስ ትምህርትን ነው በጣም የሚያግዱት። ቀድሞ የተማረ፣ የሚያስታውስ ቲ ሴል ለመድኃኒቱ ያን ያህል አይበገርም። የንቅለ ተከላ ሐኪሞች ይህን ለዘመናት የሚያውቁት እንደ ችግር ነው፤ ቀድሞ የተማረ ቲ ሴል የተተከለውን አካል ሲያጠቃ ማብረዱ ይከብዳልና። ለኮሮና ሲሆን ግን ያው ባሕርይ ይጠቅማል።

ይህ ከሆነ ሁለት ነገር ይገባናል። አንደኛ፣ ንቅለ ተከላ ያላቸው ሰዎች በኦሚክሮን ዘመን ሲደግማቸው በአብዛኛው ከመጀመሪያው የቀለለ ሕመም ያጋጠማቸው ለምን እንደሆነ። ቫይረሱን ለማስቀረት አቅም ያነሰው ሰውነት ሳንባ ድረስ እንዳይወርድ ለመያዝ ግን አቅም ነበረው። ያም ሆኖ ሆስፒታል የመግባት ዕድላቸው ዛሬም ከሌላው ሰው ከፍ ይላል። ሁለተኛ፣ ትምህርቱ መሰጠት ያለበት መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ሁለተኛው ለጎንደር በጣም የሚጠቅም ይመስለኛል። እጥበት ላይ ያለና ለጋሽ አግኝቶ አዲስ አበባ ለመሄድ የሚዘጋጅ ሰው አለ እንበል። ገንዘብ ይሰበሰባል፣ የቤተሰብ ምርመራ ይደረጋል፣ ለወረቀት ይሮጣል። ክትባት ትዝ የሚለው ሰው የለም። እጥበት ላይ ያለ ሰው ሰውነትም የተዳከመ ነው፤ ቢሆንም ለክትባት የሚሰጠው ምላሽ ከንቅለ ተከላ በኋላ ካለው በእጅጉ ይሻላል። የሚመከረውም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መጨረስ ነው። ያመለጠው ሰው ከንቅለ ተከላው በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ወር እንዲጠብቅ ይደረጋል፤ መጀመሪያ ላይ መድኃኒቱ ከፍተኛ ስለሆነ። ይህ ለጉበት ወፍ ክትባትም፣ ለሌሎችም ይሠራል። እንደ ኩፍኝና ቢጫ ወባ ያሉት፣ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ያለባቸው ክትባቶች ከንቅለ ተከላ በኋላ አይሰጡም፤ ስለዚህ የእነሱ ጊዜ ከዚያ በፊት ነው። የኮሮና ክትባቶቹ ሕያው ቫይረስ የላቸውም። የተተከለውን ኩላሊት ያስጠቃሉ የሚለው ስጋትም በጥናት አልተደገፈም።

ሁለቱን ያጣመረ፣ ማለትም ተይዞም ተከትቦም ያለፈ ሰው፣ ከሁሉ የተሻለ ምላሽ አለው። ንቅለ ተከላ ያላቸውም ቀድሞ ይዟቸው ከነበረ አንድ ክትባት ብቻ አንቲቦዲያቸውን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። «ይዞኝ ስለነበር ክትባት አያስፈልገኝም» የሚለው ሐሳብ ተገልብጦ ነው መነበብ ያለበት። ይዞህ ስለነበር ክትባቱ አሁን የበለጠ ይሠራልሃል።

ደገመኝ ወይስ አልለቀቀኝም?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ጥያቄ አለ። በዓለም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በማስረጃ የተረጋገጠው ዳግም መያዝ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 ከሆንግ ኮንግ የተሰማው ነው። የ33 ዓመት ሰው፣ ከመጀመሪያው ከ142 ቀን በኋላ። ሁለተኛው ምንም ምልክት አላሳየም። ማስረጃው የቫይረሱ የዘረመል ቅደም ተከተል ነበር፤ ሁለቱ ቫይረሶች የተለያዩ ነበሩ።

የመከላከል አቅሙ በመድኃኒት የወረደ ሰው ላይ ግን ሌላ ዕድልም አለ። ቫይረሱ ጨርሶ አልወጣ ይሆናል። እንግሊዝ አገር አቅማቸው የተዳከመ ታማሚዎችን የተከታተሉ ሐኪሞች አንዱ ለ505 ቀናት ቫይረሱን ይዞ እንደቆየ ዘግበዋል። እንዲህ ያለው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሳምንታትና ጥቂት ወራት መቆየት ግን ያን ያህል ብርቅ አይደለም። ሐምሌ ላይ አሞት መስከረም ላይ እንደገና ፖዘቲቭ የሆነ የንቅለ ተከላ ታማሚ «ደገመኝ» ከማለቱ በፊት ሐኪሙ ሌላውንም ማሰብ አለበት። ብዙ ጊዜ 90 ቀን እንደ መለያ ይወሰዳል፤ ለእነዚህ ሰዎች ግን 90 ቀንም ብቻውን አይበቃም። በመሀል ነጻ የሆነበት ምርመራ ነበረ? ሳሉ ሙሉ በሙሉ ቆሞ ነበር? ፒሲአሩ ላይ የቫይረሱ መጠን ብዙ ነው ወይስ ርዝራዥ?

ልዩነቱ ለወረቀት አይደለም። ዳግም ከሆነ ሰውነቱ የሚያስታውሰው ነገር አለና ቶሎ መድኃኒት ጀምሮ መከታተል ነው። ያልወጣ ከሆነ ሐኪሙ ማይኮፊኖሌቱን ይቀንስ እንደሆነ፣ የቫይረስ መድኃኒቱን ያራዝም እንደሆነ ማሰብ አለበት። ያልወጣ ቫይረስ በዚያው ሰው ውስጥ እየተለዋወጠም ይቆያል።

የአንቲቦዲ ምርመራ ይህን አይመልስም። የእስፓይክ አንቲቦዲ ከክትባትም ከበሽታም ይመጣል። የቫይረሱ ውስጠኛ ፕሮቲን አንቲቦዲ መያዝን ያሳያል፤ ሲኖፋርም የተከተበ ላይ ግን እሱም ከክትባቱ ሊሆን ይችላል፤ ክትባቱ የተገደለው ሙሉ ቫይረስ ነውና። ወረቀቱ ላይ «ፖዘቲቭ» አለ ብሎ ማስክ የሚጥል ሰው ካለ ይህን ያስብበት።

ጎንደር ላይ ደግሞ ከዚህ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ። ትኩሳቱ ኮሮና ነው ወይ? የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲመሠረት መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ ነው። ወባው ዛሬም አለ። መተማና ሁመራ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ካላዛር ሊኖርበት ይችላል፤ ሆስፒታሉ ለካላዛር ብቻ የተለየ የሕክምናና የምርምር ማዕከል ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሳንባ ነቀርሳ አለ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አለ። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ለእነዚህ ሁሉ የበለጠ የተጋለጠ ነው። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ትኩሳትን ያፍናል፤ 37.8 ያሳየ ቴርሞሜትር በእሱ ላይ ቀላል ነገር አይደለም። «ጉንፋን ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ ሳምንት መቆየት ለእሱ የሚሆን ነገር አይደለም። የኮሮና መድኃኒቶች የሚሠሩትም በመጀመሪያዎቹ አምስትና ሰባት ቀናት ውስጥ ሲጀመሩ ነው።

ፋርማሲው ላይ የሚሆነው

ከቫይረሱ እኩል የሚያስፈራኝ ፋርማሲው ነው። ሰውየው ይስላል። ፒያሳ ወርዶ «ለሳል የሚሆን ጠንካራ ነገር» ይላል። ክላሪትሮማይሲን ይሰጠዋል። ታክሮሊመስ እንደሚወስድ አልተጠየቀም፣ እሱም አልተናገረም። ክላሪትሮማይሲን ጉበት ታክሮሊመስን እንዳያስወግድ ያግዳል። በጥቂት ቀናት የታክሮሊመሱ መጠን ይተኮሳል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ያመዋል፣ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምረው ክሬያቲኒን ይወጣል። ኮሮናው ቀለል ብሎ ሊያልፍ የነበረ ሰው በኪኒን ኩላሊቱን ይጎዳል። ኤሪትሮማይሲንም እንዲሁ ነው። የሳንባ ነቀርሳው ሪፋምፒሲን ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ታክሮሊመሱን ጠርጎ ያወጣዋል፤ ያኔ ሰውነቱ ኩላሊቱን ያጠቃል።

ከሁሉ የከፋው ፓክስሎቪድ ነው። ለኮሮና ጥሩ መድኃኒት ነው። ግን ውስጡ ሪቶናቪር አለ፤ ሪቶናቪር ከክላሪትሮማይሲንም የባሰ ነው። ታክሮሊመስ ሳይቆም ወይም ሳይስተካከል አብሮ የተዋጠ እንደሆነ መጠኑ መርዝ ደረጃ ይደርሳል። ስለዚህ ለእነዚህ ታማሚዎች ብዙ ሐኪሞች በደም ሥር የሚሰጠውን ሬምዴሲቪር ለሦስት ቀን መስጠት ይመርጣሉ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በአዛኝነት ፓክስሎቪድ በሻንጣ ቢልክ ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ መንካት አይገባም። ኮሮና የሚያመጣው ተቅማጥም ብቻውን የታክሮሊመስን መጠን ከፍ ያደርጋል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ግሬፕ ፍሩትም እንዲሁ። ተጨምቆ የሚጠጣ ቅጠል ሲታሰብም አስቀድሞ ሐኪምን መጠየቅ ነው።

ደግሞ ሌላው ጫፍ አለ። «መድኃኒቱ አቅም ያወርዳል» የሚለውን ሰምቶ ኮሮና በያዘው ቀን ሁሉንም የሚያቆም ሰው። ይህ በጣም አደገኛ ነው። ሕመሙ ከበድ ሲል ሐኪም ማይኮፊኖሌትን ሊቀንስ ወይም ለጊዜው ሊያቆም ይችላል። ፕሬድኒሶሎን ግን በድንገት ከቆመ ሰውነት ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ታክሮሊመስ ከቆመ ኩላሊቱ ይሄዳል። ክትባት በሚሰጥበት ሰሞን ማይኮፊኖሌትን ለጥቂት ሳምንታት አቁሞ የአንቲቦዲ ምላሽን ያሻሻሉ የጀርመን ሐኪሞች አሉ፤ ያደረጉት ግን የታክሮሊመሱን መጠንና የኩላሊቱን ሁኔታ በቅርብ እየለኩ ነው። ቤት ውስጥ በግምት የሚሞከር አይደለም።

ጎንደር ላይ ደግሞ መድኃኒት ሳይፈለግም የሚቆምበት ጊዜ አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ነው የከረመው። ከአዘዞ የሚነሳው አውሮፕላን ለሁሉም ሰው ኪስ አይሆንም። ስልክና ኢንተርኔትም የጠፋበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ መድኃኒቱ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው መፈለግ አይሆንም፤ ቢቻል የአንድ ወር ትርፍ ቤት መኖር አለበት። የሚከታተለውን ሐኪም ስልክ፣ የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን፣ የመጨረሻውን የክሬያቲኒን ውጤት በወረቀት ጽፎ ኪስ ውስጥ ማድረግም ያስፈልጋል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሚቀበለው ወጣት ሐኪም ንቅለ ተከላ ያለው ሰው በየቀኑ አያይም፤ ያ ወረቀት ግማሽ ሰዓት ያስቀርለታል።

ቤተሰቡስ? ቤት ዘግቶ ማስቀመጥ ቫይረሱን ያርቅ ይሆናል፤ ሰውየውን ግን ከምርመራውም፣ ከእንቅስቃሴውም፣ ከሰውም ያርቃል። የሚያዋጣው ሌሎቹ መከተባቸው ነው፤ ልጆቹ፣ ሚስቱ፣ ኩላሊቱን የሰጠው ወንድሙ ጭምር። እነሱ የየኔታን ትምህርት ሙሉውን መማር ይችላሉና። የሚያስል እንግዳ ለጊዜው ሌላ ክፍል ቢቀመጥ ነውር የለውም። የጥምቀት ዕለት ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ያለው ግፊያ አይመከርም፤ ታቦቱ ሲመለስ ሰፋ ካለ መንገድ ዳር ማስክ አድርጎ መቆም ግን ይቻላል። የጥር ሰርግም አይቀርም። ድንኳኑ አንድ ጎኑ ይከፈት፣ ሰውየውም እዚያ በኩል ይቀመጥ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ኪኒኑን የሚያስታውሰው ሰው አጠገቡ ይኑር።